የሐጂ አብዱልፈታሕ ሆድ

ሐጂ አብዱልፈታሕ ውጭ ከወጡ አምስት ቀናቸው ነበር። በረንዳማ በየቀኑ ይወጣሉ፤ ወንበራቸውን አስወጥተው መንገደኛውን ሁሉ ሲቆጡ ይውላሉ። ያልወጡት ያኛውን ነው፣ ጨዋ ሰው "ውጭ" ብሎ የሚያልፈውን። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ምግብ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ጣጣው ግን የሐጂ ብቻ አልነበረም። የውብዳር ከወሎ ድንበር ተሻግራ መጥታ በዚህ የዓረብ ቤት ሠራተኛ ሆና ከገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። የሐጂ ልጅ ሱሪያ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ ቱግ ባይ ሴት፣ አባቷ መብላት ያቆሙት በአዲሷ ሠራተኛ ወጥ ምክንያት ነው ብላ ወስናለች። "እስከ ነገ ካልበሉ ደላላው ሌላ ሴት ያመጣልኛል" አለቻት ጠዋት፣ ከደንበኞቿ በለቃቀመችው አማርኛ። የውብዳር ደግሞ ቤቱን ወዳዋለች። ቀድሞ የሠራችበት ቤት ሰዎች አንድ ቀን እንኳ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም፤ እዚህ ግን ሐጂ ሲቆጧት እንኳ በዓረብኛው አጠራር "ያ የውብዳር!" ብለው ነው። ከዚህ መባረር አልፈለገችም።

ሱሪያም ያልሞከረችው የለም። ከፋርማሲ ብርቱካን ብርቱካን የሚሸት ዱቄት ገዛች፤ ሐጂ አሽትተው "የልብስ ሳሙና ነው" ብለው መለሱት። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የቫይታሚን ክኒን አመጣች፤ ብርጭቆው ውስጥ ሲንተከተክ አይተው "መጀመሪያ እሱ ይረጋጋ፣ ከዚያ እጠጣዋለሁ" አሉ። ሲረጋጋ ደግሞ ቀዘቀዘ ብለው ደፉት።

የዚያን ቀን ሱሪያ ገና ሱቅ እንደ ሄደች ሐጂ ሆዳቸውን ይዘው ተጣሩ።

"ያ የውብዳር! ሑልባ! ሑልባ ጂቢ!"

ጂቢ "አምጪ" መሆኑን ታውቃለች፤ በቀን መቶ ጊዜ የምትሰማው ቃል ነው። ሑልባ ያሉት ግን የፊት ጥርስ ከሌለው አፍ ተንሸራቶ ሲወጣ፣ ጆሮዋ የገዛ አገሯን ቃል አድርጎ ተቀበለው።

"ተልባ?"

"አይዋ፣ ሑልባ!" አሉ፣ አዎ ለማለት ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ደስታዋ ወሰን አጣ። እንዴት እስከ ዛሬ ሳታስበው ቀረች! በእናቷ ቤት ሆድ ሲደርቅ ከተልባ ሌላ ምን ይጠጣ ነበር? ዓረቡ ሽማግሌ ተልባን በስሙ ማወቃቸው እያስገረማት ሻርፗን ጣል አድርጋ ወደ ገበያ በረረች።

ቦንቱ ገበያው ጥግ ላይ የድሬዳዋ ቅመም ትሸጣለች። ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ዕቃዋ በጭነት መኪና ስለሚመጣ ዋጋዋም ወሬዋም ጨምሯል።

"ለማን ነው ተልባው?"

"ለማዳም አባት።"

"ዓረብ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ተልባ የሚጠጣው?"

"በስሙ ጠርተው ነው ያዘዙኝ እኮ!"

ቦንቱ ሳቀችባት፤ ቢሆንም ምርቃት ጨመረችላት።

የውብዳር ተልባውን አመሰችው፣ ወቀጠችው፣ በውሃ በጥብጣ በማር አጣፈጠችው። ሐጂ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው በዓረብኛ ረጅም ነገር አጉረመረሙ። እሷ ከመሃሉ ሑልባ የሚለውን ብቻ ለይታ ምስጋና መሰላት። ማሩ ግን ተስማምቷቸው ጭልጥ አደረጉት፤ ሁለተኛም አስቀዱ። በላዩ ውሃ አጠጣቻቸው።

ሱሪያ ለምሳ ስትመለስ ብርጭቆው ሥር የቀረውን ዝልግልግ ነገር አየች።

"ምንድን ነው ያጠጣሻቸው?"

"ያዘዙኝን ነዋ ማዳም፤ ተልባ።"

"ሑልባ ነው ያልኩት!" ሲሉ ሐጂ በረንዳው ላይ ሆነው ጮኹ።

"ሑልባ እኮ በእናንተ አብሽ ነው!" አለች ሱሪያ።

የውብዳር ክው አለች። አብሽ የት፣ ተልባ የት!

ሱሪያ ስልኳን አውጥታ ፋርማሲ ደወለች። ቡናማ፣ ጠፍጣፋ፣ የሚያብረቀርቅ ፍሬ እያለች በፈረንሳይኛ ስትገልጽለት፣ ሰውየው "ላን ይሆናል" ብሎ የተልባን የፈረንሳይኛ ስም ነገራት። ሌላ ሊጨምር ሲል ጆሮው ላይ ዘጋችበት። የላንን ዘይት አሳምራ ታውቀዋለች፤ ሟች ባሏ የጀልባውን እንጨት በየዓመቱ የሚቀባው በእሱ ነበር።

"አባቴን እንደ ጀልባ ቀባሻቸው! ዕቃሽን ሰብስቢ!"

እዚያው ቆማ ደላላው ጋ ደወለች። የውብዳር ጓዳ ገብታ ልብሷን ስታጣጥፍ እንባዋ መጣ። ተልባ ሰው ገድሎ አያውቅም። ግን የሰው አገር ሆድ ሌላ ዓይነት ቢሆንስ? ሽማግሌው አንድ ነገር ቢሆኑ በምን አፏ ልትናገር ነው?

ይህን ስታስብ በረንዳው ላይ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ሐጂ ከዘራቸውን ጥለው በኮሪደሩ ውስጥ እንደ ጎረምሳ አለፉ፤ የሽንት ቤቱ በር ጓ ብሎ ተዘጋ።

"ያባ! ያባ!" ሱሪያ በሩን ደበደበች። ሁለቱ ሴቶች ጠባቸውን ረስተው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጠፉ። ቆየ፤ በጣም ቆየ። በመጨረሻ ከውስጥ ከሆድ የወጣ "አልሐምዱሊላህ!" ተሰማ፤ ሁለቱም እኩል እፎይ አሉ።

ሐጂ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ ወጡ። ቀጥታ ማዕድ ቀረቡና ዓሣውን አጥንቱ እስኪቀር፣ ሩዙን ሳህኑ እስኪታይ በሉት። ሲጨርሱ "ያ የውብዳር! ሩዝ!" ብለው ደገሙ። እሷም የቀላ ዓይኗን ጠራርጋ እየሮጠች ጨመረችላቸው።

ወደ ኩሽና ስትመለስ ሱሪያ ተከትላት ገባችና በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

"ደላላውን እንዳትመጣ ብዬዋለሁ" አለች፣ ዓይን ዓይኗን ሳታያት።

"እግዜር ይስጥልኝ ማዳም።"

ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ሱሪያ ግን አልወጣችም። የድስቱን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ከደነች፣ ማንኪያ አንስታ አስቀመጠች።

"ያ ተልባ የምትይው፣ ተርፏል?"

"ለነገ ለሐጂ የሚሆን አስቀምጫለሁ።"

ሱሪያ ወደ በሩ ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ለሐጂ አይደለም።"

የውብዳር ሳቋን በግድ ዋጠችው። ከዚያ ወንበር ሳበችላት።

"ይቀመጡ ማዳም። ብዙ ውሃ ይጠጡበታል፤ እምቢ ማለት የለም።"

ሱሪያ እንደታዘዘችው ተቀመጠች።