የእማማ ሐረግ ሦስት ሀ

«ሞሰቤን ከመደርደሪያው አውርጂልኝ፣ ይዤው ልሂድ!» አሉ እማማ ሐረግ፣ ገና ደጃፉን ሳያልፉ።

ትህትና ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። በመካነ ሰላም የስፌት ሠሪ ሴቶች ማኅበር የድረ ገጹ ሠሪም ጠባቂም እሷ ናት። ለእያንዳንዷ ሴት በስሟ አንድ ገጽ ከፍታላታለች፤ ገዢ ስሟን ጽፎ ሲገባ ሥራዋንና ስልኳን ያገኛል። በዚህ ሥራዋ ትኮራለች፣ ደግሞም ያኮራል።

«ምነው እማማ፣ ማን አስቀየመዎት?»

«ማን ዞር ብሎ አየኝና ያስቀይመኛል! የማኅበርተኛዬ የአልታየች ስልክ ሲጮህ ይውላል፣ የዘይነባም እንደዚያው። የኔ ወላሂ አንድ ቀን ጮሆ አያውቅም። እጄ አርጅቷል ማለት ነው። ከእንግዲህ ለስፌት አክርማ የሚባል አልነካም፤ ማኅበሩም ይቅርብኝ።»

ትህትና ከወንበሯ ተነሳች። ኧረ ምን ሲሉ ነው! ከወግዲ እስከ አጅባር የእማማ ሐረግን ሞሰብ የሚስተካከል የታለና? ውሃ ቢቀዱበት ጠብ አይልም። እሳቸው ስፌት ከተዉማ ማኅበሩ ምን ቀረው?

በዚህ መሐል የማኅበሩ ሊቀመንበር አስቻለች እየተቻኮለች ገባች።

«አንቺ ልጅ፣ መረጥሽ? ያ ‹ገጹ አልተገኘም› የሚሉት ነገር ከዛሬ ወዲያ እንዳይታየኝ። ነገ ከደሴ እንግዶች ይመጣሉ፣ እንዳታዋርጂን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ ሰው ድረ ገጹ ላይ የሌለ ገጽ እየጠራ ባዶ እጁን ይመለሳል። ትህትና ይህን የሚከታተል መሣሪያ ለመምረጥ ሁለት ፕሮግራሞች ለሙከራ ድረ ገጹ ላይ ጭናለች። አንደኛው ቄንጠኛ ነው፤ መንገድ የጠፋበትን ሁሉ ትንፍሽ ሳይል ወደ መጀመሪያው ገጽ ይወስደዋል። ሁለተኛው ለዓይን አይማርክም፣ ያውም ለፍላፊ ነው፤ ሰው ምን ጽፎ ምን እንዳጣ አንድ በአንድ ይዘረግፋል። ማቃናቱ ግን የሰው ሥራ ነው።

«የመጀመሪያውን ያዢ፣ ገበናችንን ይሸፍንልናል» አለች አስቻለች።

«እስቲ አንዴ ይህን ልይ፣ እትዬ።»

ትህትና ለፍላፊውን ከፈተችው። ሰዎች ጽፈው ያጡት ስም በቀይ ተደርድሯል። ሀረግ። ሀረግ። ሀረግ። ከደሴ፣ ከኩታበር፣ ከአዲስ አበባ። አንዱማ ደጋግሞ ጽፎታል።

«እንዴ! የሐረግ ገጽ አለ አይደል እንዴ?» አለች አስቻለች።

«አለ። እኔ ግን በሐመሩ ሐ ነው የጻፍኩት» አለች ትህትና፣ ፊቷ ቀልቶ። በትምህርት ቤት የፊደል ስህተት አይገኝባትም ነበር፤ ገጹንም ስትከፍት በመታወቂያቸው ላይ ያለውን ሐ መርጣ፣ ጠንቅቄ ጻፍኩ ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሰው ደግሞ ስልኩ ላይ የቀናውን ሀ ነው የሚነካው። ሲያነቡት አንድ ነው፤ ለማሽን ግን ሌላ ሰው ነው።

«እማማ፣ ይቀመጡ። እጅዎ አላረጀም። ይህ ሁሉ ሰው አንቱን ሲፈልግ ነው የከረመው።»

«የቱ ሰው?»

ትህትና እያንዳንዱን ከነከተማው አነበበችላቸው። እማማ ሐረግ አፋቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

«አልሃምዱሊላህ! እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳማርር ሰው ደጄ ቆሞ ኖሯል?»

«ደጅዎ ቆሞ! በሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ አፈር ስሆን እንደገና አንብቢልኝ። ያንን ከኩታበር ያለውን።»

እንደገና አነበበችላቸው። አስቻለች መነጽሯን አድርጋ ወደ ማሳያው ተጠጋች።

«ቄንጠኛውን ይዘን ቢሆንስ ኖሮ?»

«ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመራቸው ነበር። ማን እማማን ፈልጎ እንደመጣ በምን እናውቃለን?»

«በይ ለፍላፊው ይሁን። እንግዶቹም ይዩት፤ ሰው ፈልጎን ነው፣ ምን ያሳፍራል!» አለች አስቻለች፣ ደረቷን ነፍታ።

«ታዲያ ስምዎ በየትኛው ሀ ይሁን፣ እማማ?» አለች ትህትና።

«ሀ ደግሞ ስንት ነው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ሀ ለአንዲት ሐረግ! እኔ ምን ቸገረኝ፣ ባሻቸው ይጥሩኝ፤ አቤት እላለሁ።»

ብድግ ብለው ሞሰባቸውን ራሳቸው አስተካከሉት። እንዳይወርድ፣ ያውም ከአልታየች ሞሰብ ፊት አድርገው።

ትህትና በሀሌታው ሀ የሚመጣው ሁሉ ወደ እማማ ሐረግ ገጽ እንዲገባ አደረገች። ሞከረችው፤ ገባ። መሣሪያውን ልትዘጋ ስትል እጇን መለሰች። በብዙኃኑ ኀ እስካሁን የጠራቸው ሰው የለም። ቢሆንም ጻፈችው፦ ኀረግ።