ለማጠብ የሚመች ሳህን

ፏፏቴ ይሉታል። ከሆቴሉ ኩሽና ሲወጣ ሁልጊዜ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ርሶ ስለሚታይ ነው። ሥራው ዕቃ ማጠብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንዱ መስኮት የሚመጣለትን ሳህን ሲቀበል፣ ትራፊውን ሲጠርግ፣ ሲፈትግ፣ ሲያለቀልቅና በሌላው መስኮት ሲመልስ ኖሯል። ሰው ሲበላ የማየት ዕድል ብዙም አልገጠመውም። ቤቱ ሲደርስ እንኳ ሌላው በልቶ ተኝቶ፣ የእሱ ድርሻ ተከድኖ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ለእሱ ሳህን ማለት ቆሽሾ የሚመጣ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ለሕፃን ልጅ የመመገቢያ ዕቃ ምረጥ ተብሎ የተላከው።

የላከችው ሚስቱ ናት፤ በእሷም አይፈረድም። ጩጬ እያሉ የሚጠሯት ልጃቸው ሰባት ወር ሆኗታል። ክብደቷ ግን ከአምስተኛው ወር ወዲህ ንቅንቅ አላለም። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሕፃኗን ሁለት ጊዜ መዘነቻትና ካርዱን ትክ ብላ አየችው። «ጡት ብቻውን አይበቃትም፤ ምግብ ጀምሩላት። የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ምንም ካልጨመረች ሆስፒታል እንድትተኛ እጽፍላችኋለሁ» አለች። እናትየው ድንችና ካሮት ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ በቤቱ ማንኪያ ብትሰጣት ጩጬ ሞቼ እገኛለሁ አለች። የገባላትን በምላሷ ትገፋዋለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ከዚያ እሪ ትላለች። አራት ቀን እንዲህ አለፈ።

«አንተ መቼም ዕቃ ታውቃለህ» አለችው ሚስቱ በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ልጅቷን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው እያዛወረች። «የልጅ የሆነ ሳህንና ማንኪያ ፈልግላት። እኔ ሱቅ ለሱቅ የምዞርበት ጉልበት የለኝም። አልቄልሃለሁ።»

እሱም ቢሆን አልቆ ነበር። በምሳና በእራት መካከል ያለችው ዕረፍት ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የሚያንጎላጅባት ናት። የዚያን ቀን ግን እንቅልፉን ሠውቶ፣ በውሃ የተጨማደዱ ጣቶቹን በሱሪው እያደረቀ፣ ከሆቴሉ ጀርባ ወዳለው የልጆች ዕቃ ሱቅ ሄደ። ባለ ሱቋ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ያላቸውን ሁሉ አውርደው ባንኮኒው ላይ ደረደሩለት።

ፏፏቴ ሳህኖቹን መመልከት ሳይሆን መመርመር ጀመረ። ሥሩ ላይ ጠረጴዛ የሚይዝ ጎማ ያለውን አንስቶ ገለበጠው።

«ይሄ አይሆንም፤ እዚህ ሥር ምግብ ይገባና ይሻግታል።»

በሦስት የተከፈለውን በጥፍሩ ፋቀው። «የዚህኛው ማዕዘን ስፖንጅ አያስገባም።» ከዚያ ለስላሳ የጎማ ማንኪያ አነሳ፤ እጀታው ላይ ጥንቸል ተቀርጾበታል። በሁለቱ ጆሮዎች መካከል በዓይኑ አጮልቆ ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ የገባ ነገር በምንም አይወጣም፣ እትዬ።»

«ኧረ ልጄ፣ ምርመራውን አጠበቅከው!» አሉት ሴትዮዋ።

መጨረሻ ላይ ልቡ ያረፈው ማዕዘን በሌለው፣ ወለል ባለና በሚያብለጨልጭ የብረት ሳህን ላይ ነው። ከሱም ጋር እጀታው ረዘም ያለ የብረት ማንኪያ ወሰደ። በአንድ ለቅለቅ የሚጠራ ዕቃ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሠራበት ሙያ ለገዛ ልጁ የጠቀማት መስሎት፣ ደስ ብሎት ወደ ሥራው ተመለሰ።

በማግሥቱ ከመውጣቱ በፊት ሚስቱ ጩጬን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በአዲሱ ዕቃ ልታበላት ሞከረች። ማንኪያው ከልጅቷ አፍ ይሰፋል። ቅዝቃዜው ድዷን ሲነካት ሰውነቷ ሁሉ ኩምትር አለ። እጇን ስታወናጭፍ ሳህኑ ጠረጴዛው ላይ ተንሸራቶ ሄደና ወለሉ ላይ ተንኳኳ። ጩጬ በድምፁ ደንግጣ ትንፋሿ እስኪጠፋ አለቀሰች።

«ይሄን ለማን ነው የገዛኸው?» አለች ሚስቱ፤ ለመቆጣት እንኳ አቅም ያላት አትመስልም።

«ለሷ ነዋ! ምን የመሰለ ዕቃ! እንዴት እንደሚታጠብ ብታዪው…»

«ምን በልታበት ነው የምናጥበው?»

ሳህኑን ከወለሉ ሲያነሳ እንደ ልማዱ ገልብጦ እንኳ አላየውም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ሳህን በመጣ ቁጥር የሚስቱ ጥያቄ አብሮ መጣ። እጁ እየሠራ፣ ልቡ እዚያው ቤት ቀርቶ ዋለ።

በዕረፍቱ ሰዓት ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ጩጬ እንዳልበላችበት ሲነግራቸው ሴትዮዋ አልሳቁበትም። መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና «ስትመግቧት ትቀመጣለች ወይስ ታቅፋችኋት?» ብለው ጠየቁት።

«እናቷ ጭን ላይ… ዛሬ እንዳየሁት።»

«ምግብ ስታይ እጇን ትዘረጋለች?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እሺ፤ አፏስ ምን ያህል ነው? በጣትህ አሳየኝ።»

ፏፏቴ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አቀራረበ፤ እንደገና አራራቀ፤ መልሶ አቀራረበ። የሚያሳየው ግምቱን እንደሆነ ገባውና እጁን ኪሱ ከተተ። አፍሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ሲወጣ ልጁ ተኝታ፣ ሲገባም ልጁ ተኝታ ሰባት ወር አለፈ። የተኛች ልጅ አፍ ደግሞ የተዘጋ ነው።

ሴትዮዋ ያንኑ የጥንቸል ማንኪያና ያንኑ ባለ ጎማ ሳህን አወረዱለት። «ማንኪያውን አፏ ውስጥ አትክተት» አሉት። «ከንፈሯ ጋ አድርሰህ ጠብቅ። ራሷ ትምጣ።»

እንደሚሻግት እያወቀ ገዛው።

ከሱቁ በቀጥታ የሄደው ሻለቃ ወደሚሉት ዋና ምግብ አብሳይ ነው። «ነገ ልቅር» አለው።

«አንተ? ዘጠኝ ዓመት ቀርተህ አታውቅም እኮ! ምን ሆንክ?»

«ልጄን ላበላት።»

«እናቷ የት ሄዳ?»

«ደክሟታል።»

«አንተስ አልደከመህም?»

«ደክሞኛል» አለ ፏፏቴ። ጮክ ብሎ ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። ሻለቃ ለአንድ ቀን የሚተካው ሰው ሊፈልግ ሄደ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሚስቱን «ሂጂ ተኚ» አላት። የቀልዱን መስሏት ነበር። እንዳልሆነ ስታውቅ ትንሽ ድንችና ካሮት አድቅቃ ሳህኑ ላይ አደረገችለት፤ ሰሞኑን ሁሉ ስለሚደፋ ብዙ አትቀቅልም። ከዚያ አልጋው ላይ ወደቀች፤ አንዱን ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ፏፏቴ ጩጬን ጭኑ ላይ አስቀመጠና ማንኪያውን ከንፈሯ ጋ አድርሶ ጠበቀ። እሷም ጠበቀች። ሃያ ሳህን ደራርቦ የሚሸከመው ክንዱ አንዲት የጎማ ማንኪያ ከበደችው። ይሄኔ ነው አፏን ደህና አድርጎ ያየው። ከአውራ ጣቱ ጥፍር ትንሽ ይሰፋል፤ የላይኛው ከንፈሯ መሃሉ ላይ ሾል ብሏል፤ ስትደነቅ ወደ ግራ ይጣመማል። ይህን ሁሉ ሳያይ ነው ሱቅ ቆሞ ዕቃ ሲያማርጥ የነበረው!

ጩጬ ጥንቸሉን ያዘች። ወደ ራሷ ጎተተችው። ግማሹ ምግብ አፍንጫዋ ላይ፣ ግማሹ አገጯ ላይ ተለጠፈ፤ የቀረውን በምላሷ ገፋችው። ፏፏቴ አላስገደዳትም። ምላሷ ተመልሶ ወጣና ከንፈሯን ዳሰሰ፤ ከዚያ ጉሮሮዋ ውጥ አለ። እንዳትበረግግበት ትንፋሹን ያዘ። ሁለተኛውን አቀረበ፤ እንደገና ረጅም ጥበቃ። ሦስተኛው ግን ገና ሳይደርስላት አፏን ከፈተች። ሳህኑ በጎማው ጠረጴዛውን ነክሶ ይዟልና በእጇ ብትመታውም ንቅንቅ አላለም።

ሰባተኛው ላይ ማንኪያው የሳህኑን ወለል ፋቀ። ጩጬ አፏን ከፍታ ጠበቀች። ሳህኑን አየች፤ አባቷን አየች፤ ፊቷ ቀላና ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

ሚስቱ ብድግ አለች። «ምን ሆነች? ምን አደረግካት?»

ባዶውን ሳህን በጣቱ አሳያት።

«ደፋኸው?»

«አለቀ» አለ። «ርቧት ነው።»

እናትየው በአንድ እግር ጫማ እንደቆመች የልጇን ጩኸት አዳመጠች፤ የራሷን አፍ በመዳፏ ያዘችና እሷም ማልቀስ ጀመረች። ፏፏቴ ጩጬን ታቅፎ ዙሪያውን ይማትር ጀመር።

«ድንቹ የት ነው ያለው?» አላት። በገዛ ቤቱ ድንች የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር።