የእትዬ ውሃልክ የመጨረሻ ሥራ

«እጇኮ ወርቅ ነበር!» አለች ጎረቤትየዋ፣ አፏን በብስኩት ሞልታ።

የሟች ልጅ ቀና ብላ አየቻት። ሴትዮዋ ሦስት ቀን ሙሉ ያንኑ ወርቅ እጅ ስታነሳ ስትጥል ነው የከረመችው። ሟች በሕይወት ሳለች ግን «ደረቅ! ክፉ!» እያለች በየደጁ ስታማት የኖረችው እሷው ናት። መቼም ሞቶ ክፉ የሚባል የለም።

«የመጨረሻ ሥራዋን አሳዩና» አለች ለቅሶ ልትደርስ የመጣች አንዲት ልብስ ሰፊ። «ነገ ደንበኞቿ ሲመጡ ከፎቶዋ ጎን ይሰቀል።»

«ይሰቀላል፣ ይሰቀላል» አለች አክስት፣ የሟች ታናሽ እህት፣ ቶሎ ብላ። ወዲያው የእህቷን ልጅ ክንድ ይዛ ወደ ሟች መኝታ ክፍል ወሰደቻት። ልጅቱ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናትና ከወንበሩ ለመነሳት ጊዜ ወሰደባት።

እናቷን «እትዬ ውሃልክ» ነበር የሚሏት። በኪሮሽ የምትሠራው የሕፃን ብርድ ልብስ ጠርዙ በውሃልክ ተለክቶ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነበራ! ልጅቱ በዘጠኝ ዓመቷ ለአሻንጉሊቷ አንድ ሠርታ ብታሳያት፣ እናት በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ለደንበኞቿ አሳየችው።

«እዩልኝማ! ሰፊ ጀምራ ጠባብ ጨረሰች። በየረድፉ የመጨረሻዋን ቀለበት ስትዘል! መቁጠር የማትችል ልጅ ልውለድ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እናት የክሩን ጫፍ ስትስበው የሳምንት ሥራ ባንዴ ተተረተረ። ልጅቱ ከዚያ ወዲያ ኪሮሽ በእጇ አልነካችም።

ኋላ ብረት በያጅ ስታገባ እናት በሯን ዘጋችባት። ማርገዟን በአክስቷ በኩል ብታስነግራትም መልሷ አንድ ነበር። «ለበያጅ ልጅ አንድ ክንድ ክር አላባክንም!» ልጅቱም «ገደል ትግባ» አለች። ቀብሩ ላይ እንኳ አንዲት ዘለላ ዕንባ አልወጣትም።

አክስት በሩን ገርበብ አድርጋ ከፍራሹ ሥር ነጭ ብርድ ልብስ አወጣች። ገና አላለቀም፤ ኪሮሹ እንደተሰካ ነው። አልጋው ላይ ዘረጋችው። ከታች ሰፊ ሆኖ ይጀምርና ወደ ላይ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄዳል።

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። «ውሃልክ! መቁጠር የማትችል እናት!»

«አትሳቂ!» አለች አክስት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዐይኗ ከደከመ ዓመት አልፎታል። ትእዛዙን ሁሉ የምሠራው እኔ ነበርኩ፣ ስሙ ግን የእሷ። ትንፍሽ እንዳልል አስምላኛለች። አሁን ይህን ልተርትረውና ለነገ ቀጥ አድርጌ ልሥራው። ሰው ካየው መሳቂያ ትሆናለች።»

«ይሄኛው የማን ትእዛዝ ነው?»

«የማንም። ስጠይቃት ‹ምን አገባሽ› አለችኝ። ላግዝሽ ብላት እጄን በኪሮሹ መታችኝ። ጠርዙን በጣቷ እየዳሰሰች ነው የሠራችው።» አክስት የብርድ ልብሱን ጠርዝ ዳሰስ አደረገች። «አንድ ቀን ብቻ ‹ሆዷ ገፍቷል?› ብላ ጠየቀችኝ።»

ልጅቱ አልጋው ላይ ተቀመጠች።

«ኩራተኛ አሮጊት» አለች። «አንድ ቀን ‹ነይ› ብትለኝ ምን ነበረበት? ምን ነበረበት?» ዕንባዋ መጣ። እያለቀሰችም በእናቷ እንደተናደደች ነበረች።

አክስት የክሩን ጫፍ ፈልጋ ያዘች።

«እንዳትስቢው!»

«ልጄ፣ ነገ እኮ ሰው...»

«ሰው ገደል ይግባ! ብስኩቱን በልቶ ይሂድ።»

ብርድ ልብሱን ቀምታ ሆዷ ላይ ዘረጋችና ኪሮሹን ያዘች። ጣቶቿ መጀመሪያ ተደናበሩ፣ ኋላ ግን ነገሩ መጣላቸው። ጎረቤትየዋ ገርበብ ባለው በር አንገቷን አስግጋ አየች።

«ውይ! ጠሟል እኮ! እሷ ናት እንዲህ የሠራችው?»

«አዎ፣ እሷ ናት» አለች ልጅቱ ቀና ሳትል። «ለበያጅ ልጅ። ነገ ይሄው ነው የሚሰቀለው።»

ጎረቤትየዋ አንገቷን መለሰች። ልጅቱ ረድፉን ጨርሳ ጠርዙ ጋ ደረሰች። የመጨረሻዋ ቀለበት ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«አንዷ ቀረችሽ» አለች አክስት በጣቷ እያመለከተች።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቱ። ቀለበቷን እንደዘለለቻት ሥራውን ገለበጠችና ቀጣዩን ረድፍ ጀመረች።