የታጠፈው መስመር

ተማሪዎቿ «ቶሎ በሉ» ይሏታል። የማታውቅ ይመስላቸዋል እንጂ ታውቃለች፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካሉት የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች ሁሉ በዕድሜ ትንሿ እሷ ናት፤ በትዕግሥትም እንደዚያው። ሌሎቹ ተማሪያቸውን ቢሮ አስቀምጠው ወረቀት ሲያገላብጡ እሷ ተማሪዋን ይዛ ትወጣለች። የምታስተምረው ትምህርት በአንድ ከተማ ውስጥ ውሃ፣ መንገድና መብራት ማን ደጅ እንደሚደርስ፣ ማን ደጅ ሳይደርስ እንደሚቀር፣ ይህንንስ ማን እንደወሰነ የሚመረምር ነው። ስለዚህ ተማሪው ስለ ቧንቧ ከጻፈ፣ ቧንቧው የተቀበረበትን መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብራው በእግሯ ትሄዳለች። ጫማ ቶሎ ቶሎ ያልቅባታል።

ያን ዕለት ግን ቢሮዋ ተቀምጣ አራተኛውን ምዕራፍ አንብባ ጨረሰችና ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«አለቱ የታለ?»

ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ተማሪ የማስተርስ ጽሑፏን ልታስረክብ ጥቂት ሳምንታት ብቻ የቀሯት ናት። ረጋ ያለች፣ ቃል ከአፏ ከመውጣቱ በፊት የምታላምጥ ልጅ። ጥናቷ ስለ ከተማው አሮጌ የውሃ መስመር ነው። መስመሩ ኮረብታው ላይ ካለው ታንከር ተነስቶ ወደ ታችኛው ሰፈር ቀጥ ብሎ ሲወርድ ይቆይና፣ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ድንገት ታጥፎ መሐል ሰፈር ይገባል። እዚያው ያልቃል። የመሐል ሰፈር ሰው ቧንቧ ከፍቶ ሲታጠብ የታችኛው ሰፈር ሰው ከወንዝ ጀሪካን ሲያመላልስ ኖሯል። መስመሩ ለምን ታጠፈ ለሚለው ጥያቄ ጽሑፉ የሰጠው መልስ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፦ አለት ስለገጠመ።

«መሬት ውስጥ ነዋ፣ ዶክተር።»

«ባለፈው አብረን ስንሄድ እዚያው ቦታ ላይ ለፍሳሽ ተቆፍሮ አላየንም? አፈሩ በማንኪያ ይዛቃል። አለት አለ ያለሽ ማነው?»

«መስመሩን የነደፉት መሐንዲስ።»

«አነጋገርሻቸው?»

«አላነጋገርኳቸውም።»

«ሞተዋል?»

«ኧረ ክፉ አይንካቸው!»

«አገር ለቀዋል?»

«አለቀቁም።»

«ታዲያ የት ነው ያሉት?»

«ቤት።»

«የማን ቤት?»

«የእኛ። አባቴ ነው።»

አማካሪዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። «ይሄን አሁን ነው የምትነግሪኝ?»

«ስለዚያ አለት ስሰማ ነው ያደግኩት፣ ዶክተር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራዋል። ሌላ ማንኛውንም ነገር እጠይቀዋለሁ። ይሄን ከጠየቅኩት በኋላ ግን እንዴት አንድ ገበታ ላይ እንቀመጣለን?»

«ካልጠየቅሻቸው ፈታኞቹ አንቺኑ ይጠይቁሻል። ያለ እሳቸው ቃል ምዕራፉ ባዶ ነው፤ ባዶ ምዕራፍ ላይ ደግሞ አልፈርምም።»

«ስሙን ብደብቀውስ? ‹አንድ መሐንዲስ› ብዬ?»

«ያኔ በከተማው ስንት መሐንዲስ ነበር?»

«አንድ።»

«በጣም ደበቅሽው!»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ የተማሪዋ ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። አማካሪዋ ሰው ፊቷ ሲያለቅስ የምትገባበት ይጠፋታል፤ ስለዚህ እንደ ልማዷ ችኮላዋ ቀደማት። «በቃ፣ እኔ እጠይቃቸዋለሁ» አለች። የተማሪን ጥያቄ ከተማሪው አፍ መንጠቅ ለሥራ ባልደረቦቿ ሁሉ የምትከለክለው ነገር ነው። በሩን ከፍታ እስክትወጣ ድረስ ግን ትዝ አላላትም።

ቅዳሜ ጠዋት የቤቱን በር የከፈቱት አባትየው ከአማካሪዋ ጀርባ ሌላ ሰው የሚፈልጉ ይመስል አሻግረው ተመለከቱ።

«አንቺ ነሽ አስተማሪዋ? እኔ እኮ ሸበቶ ሴትዮ ነበር የጠበቅኩት።»

«እሸብታለሁ፣ ጋሼ። ልጅዎ እያገዘችኝ ነው።»

አባትየው እስኪያስላቸው ሳቁና ወደ ሳሎን አስገቧት። ጠባብ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላስቲክ ለብሷል፤ ግድግዳው ላይ የንድፍ ማስመሪያ እንደ ፎቶ ተሰቅሏል። ተማሪዋ ከእናቷ ጋር ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው፤ የሽንኩርት መክተፊያ ድምፅ ይሰማል።

«መቅጃውን ከመክፈቴ በፊት፣ ጋሼ፣ መመለስ የማይፈልጉት ጥያቄ ካለ አይመልሱ። ጽሑፉ ከመጠናቀቁ በፊት ሐሳብዎን ከቀየሩ ደግሞ የተናገሩት ይሰረዛል። መብትዎ ነው።»

«ወይ ጉድ! ቤቴ ድረስ መጥተሽ መብቴን ትነግሪኛለሽ?»

ከዚያ አወሩ። ስለ ታንከሩ፣ ስለ ቁፋሮው፣ በመጨረሻም ስለ አለቱ። አለቱን በሁለት እጃቸው አየር ላይ ሠሩት። ድማሚት ያልበገረው፣ ዝሆን የሚያክል አለት። አማካሪዋ ሰምታ መጨረስ ነበረባት። አላስቻላትም።

«ጋሼ፣ እዚያ አለት የለም። ተቆፍሮ አይቻለሁ።»

ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት የሚከትፈው ቢላ ቆመ። አባትየው አለቱን የሠሩባቸውን እጆች ቀስ ብለው ጉልበታቸው ላይ አወረዱ።

በሩ ተከፈተና እናትየው ከእነ ቢላቸው ብቅ አሉ። «በቃ ንገራት እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ አለት ተሸክመህ አይደክምህም?» አሉ። ከኋላቸው ወደቆመችው ልጃቸው በአገጫቸው ጠቆሙ። «አለቱ እሷ ናት።»

አባትየው ልጃቸውን ሳያዩ ተናገሩ። ከእሷ በፊት እናቷን ደጋግሞ አስወርዷታል። ያኔ እነሱ የሚኖሩበት የመሐል ሰፈርም ሰው ከወንዝ ነበር የሚቀዳው፤ ዳገቱ ደግሞ ገዳይ ነው። እሷን ስታረግዝ ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ አለ። እሳቸው ሥራቸው መስክ ለመስክ ስለሆነ ቤት አይገኙም። ለሁለቱም ሰፈር የሚበቃ ቧንቧ አልነበረም።

«ካርታው ላይ ተቀመጥኩ። መስመሩ ወደ ታች መውረድ ነበረበት። እርሳሱ ታጠፈ።»

«እርሳሱ? ብቻውን?» አለች አማካሪዋ።

«እኔ ነኝ ያጠፍኩት» አሉ አባትየው።

ተማሪዋ ያጠበችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከቤት ወጣች።

አማካሪዋ ያን ዕለት ቢሮዋ ገብታ የሰማችውን እየከነፈች ጻፈች። የትኛውም ተማሪ የሚመኘው ቃል ነበር። ተማሪዋ ግን ደብዛዋ ጠፋ። በመጨረሻ ስትደውል ድምጿ የጉንፋን ይመስል ነበር።

«እኔ ሳልጠይቅ መልሱ መጣ፣ ዶክተር። አሁን ምን ላድርገው? ስታጠብ እንኳ የሰው ውሃ እየመሰለኝ ነው።»

አማካሪዋ ስልክ የምትዘጋው ቀነ ገደብ ሰጥታ ነው። የዚያን ቀን «እሺ የኔ እህት» ብቻ ብላ ዘጋች። ያኔ ገባት። ልጅቷን ያሳዘናት መልሱ አልነበረም። አባቷ ያን ሁሉ ዓመት የያዙትን ነገር ለእንግዳ ነግረዋል፤ እንግዳዋ ደግሞ አማካሪዋ ራሷ ነበረች።

ሰኞ ጠዋት አባትየው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቢሮዋ በር ላይ ቆሙ። ኮት ለብሰዋል።

«ያ የተናገርኩት ይሰረዝ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

አማካሪዋ ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ «መብትዎ ነው» ያለችው ግን እሷው ናት። አፏን ዘጋች። የቀዳችውን ድምፅ ከፍታ ፊታቸው ሰረዘችው። የጻፈችውንም እያሳየች አጠፋችው። ምዕራፉ ዓይኗ እያየ ሄደ።

«አመሰግናለሁ» አሉ አባትየው። ግን አልሄዱም። «ልጄ አኩርፋኛለች። ታበላኛለች፣ ታጠጣኛለች፣ አታናግረኝም። ዛሬ ታችኛው ሰፈር ልሄድ ነው። ሰዎቹ ከወረቀት ከሚያነቡት መጀመሪያ ከእኔ አፍ ይስሙት። ንገሪልኝ። ከመጣች ጥሩ፤ ካልመጣችም ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ለምን እርስዎ አይነግሯትም?»

«አንቺ አይደለሽ አማካሪዋ? አማክሪያት!»

ደወለችላት። ተማሪዋ ምንም ሳትመልስ ዘጋች፤ አማካሪዋና አባትየው ታችኛው ሰፈር ሲደርሱ ግን ልጅቷ ቀድማ መጥታ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። አባቷን ጉንጫቸውን ሳመቻቸው። ያን ያህልም ለአባትየው ብዙ ነበር፤ አንገታቸው ቀና አለ።

መጀመሪያ የገቡት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ነው። ተማሪዋ ለጥናቷ ካነጋገረቻቸው ሴቶች አንዷ ናቸው። በራቸው ወደ መንገዱ ተከፍቷል፤ ሲንጀራቸው ላይ ጎንበስ ብለው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይሰፋሉ።

«እህቴ» አሉ አባትየው ቆመው። «ያ አለት የሚባለው ነገር ውሸት ነው። መስመሩን ያጠፍኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ እርጉዝ ነበረች፤ ውሃ እንዳትሸከም ብዬ ነው።»

የሲንጀሩ መርገጫ ቆመ።

«እርጉዝ ነበሩ አሉኝ?»

«አዎ።»

«በዚያ ዓመት እኔም እርጉዝ ነበርኩ።»

አባትየው ባርኔጣቸውን ጨበጡ። «አላወቅሁም» አሉ።

«አልጠየቁማ።»

መንገድ ላይ ሞተር ብስክሌት አለፈ። አባትየው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። የሚቀጥለውን ጥያቄ መጠየቅ እንደፈሩ ልጃቸው ገባት። እሷም ፈርታ ነበር።

«ልጁስ፣ እትዬ?» አለች።

«ልጄማ ደህና ነው፤ እሱም በተራው ወልዶልኛል። ወገቤ ነው ደህና ያልሆነው።» ሴትየዋ መነጽራቸውን አውልቀው ተማሪዋን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «አንቺ ነሽ ያቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«እህ። ደህና አድገሻል።» ዱካውን በእግራቸው ገፍተው ለአባትየው አቀረቡ። «ይቀመጡ እንግዲህ። ይቅርታውን ዛሬ አልሰጥዎትም፣ አልዋሽዎትም። ቆመው ግን አይዋሉ።»

አባትየው ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩ። «መቅጃሽን ይዘሻል?»

ተማሪዋ ወደ አማካሪዋ ዞረች። አማካሪዋ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን መሆን እንዳለበት፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም ምላሷ ላይ ነበር። ጥርሷን ነክሳ ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ተማሪዋ ደፉ ላይ፣ በአባቷና በልብስ ሰፊዋ መካከል ተቀመጠች። ስልኳን ከፈተች።

«አባዬ፣ መመለስ ካልፈለግክ አትመልስ። ሐሳብህን ከቀየርክም…»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ።»

«የእኔስ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ። «እኔ አልናገርም?»

«ከእሱ ቀጥሎ የእርስዎ ተራ ነው፣ እትዬ። የፈለጉትን ያህል።»

ከዚያ ተማሪዋ ቃሏን አላመጠች።

«መስመሩን ለምን አጠፍከው?»

አባትየው እጃቸውን ዘርግተው ግንባሯ ላይ የወደቀውን ፀጉር ወደ ጆሮዋ መለሱላት።

«ከእናትሽ ልጀምር?» አሉ።

«ከእማዬ ጀምር» አለች።