በባዶ ቅጽ ላይ የፈረመው ዳይሬክተር

3.

«ሻይ እና ብስኩት፦ ስንዱ አያሌው»

እንዲህ ነው የተጻፈው። ስምንት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ የሚፈጀው ፊልም አልቆ፣ አዳራሹ አጨብጭቦ፣ ስሞች ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ዳይሬክተር ኪሩቤል። ካሜራ ኪሩቤል። ኤዲቲንግ ኪሩቤል። ድምፅ ፎዚያ። ከሁሉም በታች፣ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ፣ ሻይ እና ብስኩት።

ስንዱ አላለቀሰችም። ጆሮዋ ድረስ ጋለች እንጂ።


1.

ከሦስት መጀመሬን አንባቢ ይለፈኝ። ንዴት ከአንድ አይጀምርም። አሁን ግን በወጉ ላስተዋውቅ።

በሚዲያ ጥናት ክፍል የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ሦስት ሦስት ሆነው ይቧደናሉ፤ ውጤቱ ከፍ ያለው መሪ ይሆናል። የነስንዱ መሪ ኪሩቤል ነበር። አጎቱ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ አለው፤ ካሜራውም የአጎቱ ነው። ስንዱ ካሜራ የላትም። ያላት ዓይን ነው።

ፊልሙ «ገመድ» ይባላል። አውቶቡስ ተራ ውስጥ መኪና ጣራ ላይ ዕቃ ስለሚያስሩ አንድ ሰው፣ ስለ ጋሽ ዘርጋው ነው። ፍየል ሲሆን እንዴት፣ ፍራሽ ሲሆን እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።


2.

ማን ምን ሠራ

ቀን አንድ። ኪሩቤል መጣ። ጥቁር መነጽር አደረገ። ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ፎቶ ተነሣ። ካሜራውን ለስንዱ ሰጠ። ሄደ።

ቀን ሁለት። ስንዱ።

ቀን ሦስት። ስንዱ። ዝናብ።

ቀን አራት። ስንዱ፤ ፎዚያ ማይክ ይዛ። ጋሽ ዘርጋው ሁለቱንም ሰድበው አባረሯቸው።

ቀን አምስት። ስንዱ ተመልሳ ሄደች። ጋሽ ዘርጋው መሰላሉን እያሳዩ፣ «መሬት ቆመሽ የኔን ሥራ ምኑን ታይዋለሽ? ውጪ እንጂ ልጄ!» አሏት። ወጣች። በፊልሙ ውስጥ አዳራሹን ዝም ያሰኘው ምስል፣ ከጣራው ላይ የተነሣው፣ የዚያን ዕለት ነው።

ከቀን ስድስት እስከ አሥራ አንድ። ስንዱ፣ ኮምፒውተር ክፍል። መቁረጥ፣ መቀጠል፣ እንደገና መቁረጥ።

ቀን አሥራ ሁለት። ኪሩቤል ፍላሹን ወሰደ። «አጎቴ ጋ ስም ላስገባበት፤ እዚያ ያምራል» አለ።

አማረ።


4.

ከአዳራሹ ውጪ፣ ኮሪደር ላይ። ቃል በቃል።

ስንዱ፦ ሻይ እና ብስኩት?

ኪሩቤል፦ ውይ ስንዱዬ! እሱን አጎቴ ነው የጻፈው። ደግሞ ሻይ አላመጣሽም እንዴ?

ስንዱ፦ አምጥቻለሁ።

ኪሩቤል፦ እና ምኑ ነው ውሸቱ?

ስንዱ፦ ፊልሙን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ኪሩቤል፦ ካሜራው የማን ነው?

ስንዱ፦ የአጎትህ።

ኪሩቤል፦ የቡድን ሥራ እኮ ነው እህቴ። ማርኩ እንደሆነ እኩል ነው።

ማርኩስ እኩል ነው። እኩል ያልሆነው ሌላ ነው፤ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ከምርጡ ፊልም ዳይሬክተሩን ለስድስት ወር ልምምድ ይወስዳል። አንድ ሰው ብቻ። የዘንድሮው ምርጥ ደግሞ «ገመድ» ነው። እዚያ የገባ ተቀጥሮ ይቀራል። ስንዱ ያንን ቦታ ስትመኝ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ካልሆነላት አገሯ ገብታ የአክስቷን ፎቶ ኮፒ ቤት መጠበቅ ነው ዕጣዋ። ኪሩቤል ይህንን ያውቃል። የነገረችው ራሷ ናት፣ ሻዩን ስታቀርብለት።


5.

ቅጽ፦ የዳይሬክተሩ ግለ ግምገማ

ዳይሬክተሩ ሞልቶ ፈርሞ እስከ ሐሙስ ያስገባል። መልሱ በኮምፒውተር ይጻፋል።*

በዚህ ግቢ ሰው ለሰው መፈረም ነውር አይደለም። የቀረ ጓደኛ ይፈረምለታል፤ ቅጽ የያዘ ሰው «አንቺ ሙዪው፣ እኔ ፈርሜያለሁ» ይላል። ኪሩቤልም ስንዱን ከላይብረሪ በር ላይ ያዛትና ወረቀቱን እጇ ላይ አደረገላት። ጥያቄዎቹ ሥር ባዶ ነው። ከግርጌው ግን ፊርማው፣ ጅራቱ የረዘመ፣ ቁጭ ብሏል።

«ብዕርሽ ያምራል ስንዱዬ። እኔ ደግሞ ለጣቢያው ሱፍ ላስለካ ነው። አሪፍ አድርገሽ ሙዪልኝ፤ አንቺ ራስሽ ለቲቸር ሰጥተሽልኝ ነይ።»

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

* ቅጹን ዳይሬክተሩ ራሱ በራሱ ቃል ይሞላል። ሌላ ሰው የሞላው ሆኖ ከተገኘ፣ የሞላውም ያስሞላውም ከኮርሱ «ኤፍ» ያገኛሉ።


6.

በሰው ፊርማ ላይ እንዴት ይጻፋል

ተቀመጪ። ኮምፒውተሩን ክፈቺ።

ውሸት አትጻፊ። እውነቱ ይበቃዋል።

አትሳደቢ። ስድቡ ያንቺን ድምፅ ያመጣል፤ የምትጽፊው በሱ አፍ ነው።

የታተመ ቅጽ ላይ ጽሑፍ በየክፍተቱ እንዲያርፍ ወረቀቱ ፕሪንተር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ከአክስትሽ ቤት ተምረሻል። ያን ያህል ዓመት በከንቱ አልቆምሽም።

ስትጨርሺ አንዴ አንብቢው። ደስ ካለሽ አትፈሪ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።


7.

ጥያቄ 1፦ በዝግጅት ወቅት የነበረህ ድርሻ?

መልስ፦ ካሜራ ከአጎቴ አምጥቻለሁ።

ጥያቄ 2፦ በቀረጻ ወቅት የነበረህ ድርሻ?

መልስ፦ ከአምስቱ የቀረጻ ቀን አንዱን ተገኝቼ ፎቶ ተነሥቻለሁ። ቀረጻው የስንዱ አያሌው ነው። ባለታሪኩን እስከ ዛሬ አላነጋገርኳቸውም፤ መንገድ ላይ ብንገናኝ አያውቁኝም።

ጥያቄ 3፦ ከፊልሙ የትኛው ምስል ተሳክቷል ትላለህ? ለምን?

መልስ፦ ከአውቶቡስ ጣራ ላይ የተነሣው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልወጣሁም።

ጥያቄ 4፦ ሥራውን እንደገና ብትጀምር ምን ትለውጣለህ?

መልስ፦ ስሜን።


8.

ፎዚያ አንብባ አፏን በእጇ ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? አልጻፍኩም ካለ እኮ ሁለታችሁም ኤፍ ናችሁ!»

«አውቃለሁ።»

«ጣቢያውም ይቀራል፣ ምረቃውም ይቀራል።»

«ጻፍኩ ካለ ሌባ መሆኑን አመነ። አልጻፍኩም ካለ አብረን እንወድቃለን። ሦስተኛ መንገድ ካለው ያሳየኝ።»

«ያ ረቢ! እና አንቺስ?»

«ጅብ ከሚበላህ በልተኸው ተቀደስ ሲባል አልሰማሽም?»

ፎዚያ ሰምታለች። ደስ ግን አላላትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ እኔ ብሆንም እጽፈው ነበር። ገለልተኛ ተራኪ የፈለገ ሌላ ይፈልግ።


9.

ዓርብ ጠዋት። የኮርሱ አስተማሪ፣ የመምህር ኃይለልዑል ቢሮ። ስንዱም ኪሩቤልም ተጠርተዋል።

መምህሩ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያነበቧቸው ግለ ግምገማዎች ሁሉ አንድ ናቸው፦ «ከመብራት መቆራረጥ በስተቀር ያጋጠመን ችግር የለም»። ዛሬ ግን ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

መምህር፦ ይህን የሞላኸው አንተ ነህ?

ኪሩቤል፦ አዎ ቲቸር። በራሴ ቃል።

መምህር፦ ማንም አላገዘህም?

ኪሩቤል፦ ኧረ ማንም! ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ።

መምህር፦ እንግዲያው ላንብበው።

አነበቡት። ከአንድ እስከ አራት፣ ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። በሁለተኛው መልስ የኪሩቤል ፈገግታ ቆመ። በሦስተኛው ከንፈሩ ደረቀ። በአራተኛው ወደ ስንዱ ዞረ፤ ስንዱም ዓይኗን አልሰበረችም። ለዚህች ደቂቃ ነበር የጻፈችው።

ጣፈጣት።

መምህር፦ እውነት ነው?

ኪሩቤል ወረቀቱን አየ፤ ፊርማውን አየ። ውጤቱ ከፍ ያለው እንዲሁ አይደለም፤ ልጁ ሒሳብ ያውቃል። ሁለት መንገድ አይቶ፣ ሁለቱንም ጥሎ፣ አንገቱን ደፋ።

ኪሩቤል፦ እውነት ነው ቲቸር። ሕሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

ስንዱ ወንበሩን ያዘች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

መምህር፦ አሥራ ሁለት ዓመት አስተማርኩ። ራሱን እንዲህ የገመገመ ተማሪ አላየሁም። አንድም!

ኪሩቤል፦ ፊልሙ የሷ ነው ቲቸር። እኔ ምንም አይገባኝም።

መምህር፦ ይኸው! ይህን ማለትህ ራሱ! ፊልሙ የስንዱ ነው፣ ስሙ ዛሬውኑ ይስተካከላል፣ ሙሉ ማርክም አላት። የጣቢያው ኃላፊ ግን ትናንት ደውለውልኝ ነበር። «ካሜራውን እኛ እናስተምረዋለን፤ አንተ የሚታመን ሰው ላክልን» ነው ያሉኝ። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የሚታመን ከየት አመጣለሁ?

ለጣቢያው የሚላከውን ደብዳቤ ሳቡ። የኪሩቤልን ስም ጻፉበት። ኪሩቤል እንባውን ጠረገ። እውነተኛ እንባ ነበር፤ ይህ ነው የሚያናድደው። ከዚያ በእጁ ጀርባ ሥር፣ ለስንዱ ብቻ በሚታይ በኩል፣ ጥርሱን አሳያት።


10.

መምህር፦ ስንዱ፣ ተበዳይዋ አንቺ ነሽ። ከመፈረሜ በፊት ልጠይቅሽ። ይህን ልጅ ይቅር ብለሽዋል? ወይስ ስለዚህ ቅጽ የምትነግሪኝ ነገር አለ?

እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። አሁን ፊልሙ የሷ ነው፤ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ ካለች ግን ሁለቱም «ኤፍ» ናቸው። ኪሩቤል መተንፈስ አቁሟል።


ስንዱ፦ ____________________