የመሃሉ ቅጠል

ቅጠል እንዴት ተደርጎ፣ ማንም ሳይጎትተው፣ እንዲህ ተመዝዞ እጅ ላይ ይቀራል?

እማማ በግራ እጃቸው ትንሿን ቅጠል፣ በቀኛቸው የካውያውን ውሃ መርጫ እንደያዙ መስኮቱ ሥር ክው ብለው ቀሩ። እንደ ሁልጊዜው ጠዋት ኦርኪዱን፣ የማሰሮውን አበባ፣ ሊያብሱ ነበር። መሃል ላይ ያለችውን ለጋ ቅጠል በሁለት ጣታቸው ያዝ ከማድረጋቸው፣ ቅቤ ውስጥ የተሰካች ይመስል ሙልጭ ብላ ወጣች። ግርጌዋ ቡናማ ሆኗል። አስጠግተው አሸተቷት። እርጥብ ሆኖ የሰነበተ ጨርቅ ትሸታለች። ይህን ሽታ እሳቸው ካላወቁት ማን ያውቀዋል?

«ኧረ ምን ጉድ ነው! ማን ነካሽ አንቺ?» አሉ ብቻቸውን።

ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንደሌለ እያወቁ ዘወር ብለው በሩን አዩ። ከዚያ ጆሮው የተሰበረ ስኒ ገጥሞ መደርደሪያ ላይ እንደሚመልስ ሰው፣ ቅጠሏን በቀስታ ከወጣችበት መልሰው ሰኳት። ጠመም ብላም ቢሆን ቆመችላቸው።

ኦርኪዱ የሰው አደራ ነው። የልጅ ልጃቸው የምትሠራው የታመመ የቤት ውስጥ አበባ እየተቀበሉ፣ አክመው ለባለቤቱ የሚመልሱ አንዲት ሴት ዘንድ ነው፤ ሰዉ «ሐኪሟ» ይላቸዋል። የሥራ ቦታው ቀለም ሲቀባ ሐኪሟ ይህንን አንዱን ነጥለው ለልጅቷ ሰጧት። ሦስት ሳምንት ቤቷ አቆይታ፣ በጤናው ለባለቤቱ ካስረከበች ቋሚ ሠራተኛ ልትሆን። የአበባው ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ባላቸው ከመሞታቸው በፊት የሰጧቸው የመጨረሻ ስጦታ ስለሆነ፣ አበባውን «እሱ» እያሉ ነው አሉ የሚጠሩት።

እማማ ግን የሚያስቡት ስለ አስተማሪዋ አልነበረም። ስለ ልጅቷ ነው። ትምህርቷን ከጨረሰች በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛች ልጅ፣ ይህን ሥራ ካገኘች ወዲህ ጠዋት ጠዋት እያንጎራጎረች ነው ፀጉሯን የምታበጥረው። እሳቸውም ያን እንጉርጉሮ ወጥ ቤት ሆነው፣ ሰሃን ሳያንኳኩ ያዳምጣሉ።

ኦርኪዱን ያመጣችው ቀን፣ «እማማ፣ ይሄን አትንኪብኝ። ውሃ በሳምንት አንዴ ነው፤ እኔው አጠጣዋለሁ» ብላቸው ነበር። እሺ ብለዋል። ግን አትንኪ ማለት ምን ማለት ነው? ቤት የገባ ነገር አይነካም? ሠላሳ ዓመት ላውንደሪ ውስጥ ሸሚዝ የተኮሱ ሴት ናቸው። ደርቆ ያዩትን ነገር ሁሉ እጃቸው ሳይጠይቃቸው ውሃ ይረጭበታል። ቅጠሎቹ ደግሞ አቧራ የያዘ የሸሚዝ ኮሌታ መስለው ታዩዋቸው። ስለዚህ ልጅቷ በሩን ዘግታ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ብቻ ይረጩና በንጹሕ ጨርቅ ያብሱታል። ሲያብረቀርቅ ደግሞ ደስ ይላል! ልጅቷ ራሷ «አየሽ እንዴት እንዳማረበት?» ስትል፣ አንገታቸውን ነቅነቅ ያደርጉላት ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ባዶ ካርቶን ታቅፋ ገባች።

«እማማ! ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ሊወስዱት መደብሩ ይመጣሉ፣ አስተማሪዋ። እየሮጥኩ ነው የመጣሁት!»

«አትሩጪ እልሻለሁ፤ ላብሽ ሰውነትሽ ላይ ይደርቅና ያምሻል። ሹራብሽስ የታለ?»

«ፀሐይ እኮ ነው እማማ።»

«ፀሐይም ይሁን። በይ ምሳ ቅመሺ መጀመሪያ።»

«መጀመሪያ አበባዬን!»

የሹራቡ ነገር የቆየ ነው። ባለፈው ወር እማማ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ያንኑ ሹራብ ይዘው ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄደው፣ ደንበኛ ፊት «ልበሺው!» ብለዋታል። የዚያን ቀን ማታ ልጅቷ እንባዋ እየመጣ፣ «ሁለተኛ እዚያ እንዳትመጪ። የሞተ ሰው ቢኖር እንኳ በስልክ ንገሪኝ» አለቻቸው። ምለውላታል።

አሁን ልጅቷ ወደ ኦርኪዱ ጎንበስ አለችና እንደጎነበሰች ቀረች። አልነካችውም። አፍንጫዋን ብቻ አስጠጋች።

«ይሸታል» አለች።

«የኔ ጫማ ይሆናል» አሉ እማማ።

ልጅቷ አልሳቀችም። የመሃሏን ቅጠል በጥፍሯ ጫፍ ነካ አደረገቻት። ቅጠሏም ጊዜ አልፈጀችም፣ ወደቀች።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘረጋች፣ ጓንት አጠለቀች፣ ምላጭ አውጥታ ጀርሙ እንዲሞት በላይተር እሳት አሳለፈችው። እማማ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ይድናል አይደል?»

«ሥሮቹን እዪ፤ ነጭና ጠጣር ናቸው። የበሰበሰ ሥር ሲጫኑት ውስጡ ባዶ ነው፣ እንደ ስትሮ። ይሄ ከሥር አይደለም የታመመው።» ምላጩን ወደ መሃሉ አስገባች። «ከላይ ነው። እምብርቱ ነው የሄደው።»

«እምብርት አለው እንዴ?»

«እዚህ፣ ቅጠሎቹ የሚገናኙበት። እዚህ ጎድጓዳ ላይ ውሃ ከተኛ ፈንገስ ይይዘዋል። ለዚህ ነው ከላይ የማይጠጣው። ጠብታ እንኳ ካረፈበት በሶፍት ነው የሚመጠጠው።»

«ለአንዲት ጠብታ!»

«ለአንድ ቀን ብቻ ቢሆን ምንም አይለውም። በየቀኑ ከሆነ ግን በቂው ነው።»

እማማ ሳያስቡት ወደ ካውያው መደርደሪያ አዩ። መርጫው ግማሽ ድረስ ውሃ እንደያዘ ቁጭ ብሏል። ዓይናቸውን ቶሎ መለሱ፣ ልጅቷ ተከትላ የምታይ ይመስል።

ልጅቷ ቡናማውን እየቆረጠች አረንጓዴው ላይ እስክትደርስ ሄደች፤ በቆረጠች ቁጥር ምላጩን መልሳ በእሳት ታሳልፈዋለች። ጥቂት ቅጠል ብቻ ቀረ። ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቀረፋ በጣቷ ነሰነሰች።

«ለሥሩስ አታደርጊለትም?»

«ሥሩን ያደርቀዋል። ለቁስሉ ብቻ ነው። አሁን ነፋስ የሚያገኝበት ቦታ ይቀመጣል፣ ከሌሎቹ ተለይቶ። ለቀናት ውሃ የለም። በመሃሉ ከእንግዲህ አያድግም፤ ከታደለ ከጎኑ አዲስ ያወጣል። ዓመት ቢፈጅም።» ምላጩን አስቀመጠች። «ግን እኔ ከላይ አላጠጣሁም። ሰኞ ሰኞ፣ ጠዋት፣ ከሥሩ፣ አንጠፍጥፌ። መስኮቱን እከፍታለሁ። ምን አጎደልኩ?»

እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መቀሱ!» አለች ልጅቷ ድንገት። «ያለፈው ሳምንት የደረቀውን የአበባ ዘንግ ስቆርጥ መቀሱን በእሳት አላሳለፍኩትም። ቸኩዬ ነበር። በቃ እኔው ነኝ። በእጄ ነው የገደልኩት።»

«አንቺ አይደለሽም!»

ድምፃቸው ለራሳቸውም ጎላባቸው። ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ታዲያ ማን ነው እማማ? ጎረቤት?»

አፋቸው ተከፈተ። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር፤ እንዳይጠፋቸው ይዘውትም ነበር። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ምሳሽ በረደ።»

ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ ለሐኪሟ ደወለች። ስልኩን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ስታወራ የሐኪሟ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

«መቀሱን ሳታሳልፊ ቆረጥሽበት?»

«አዎ።»

«የመጀመሪያ ቀን ምን ነበር ያልኩሽ?»

«‹መሣሪያሽን ካላመንኩት የሰው አበባ አላስይዝሽም› ብለውኝ ነበር።»

«እውነቱን ስለተናገርሽ አመሰግንሻለሁ» አሉ ሐኪሟ። «ግን የሰው ልብ ነው እኮ የያዝሽው። ይዘሽው ነይ፤ ለአስተማሪዋ አንቺው ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ከዚያ የመደብሩን ቁልፍ ታስረክቢኛለሽ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። ያቺ እሺታ እማማ የሚያውቋት ናት። ያኔ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ብይ ሲሏት፣ ተነሺ ሲሏት የምትላቸው እሺታ ናት።

ኦርኪዱን ካርቶኑ ውስጥ አስገባች። «እጄ ይሸታል። ታጥቤ እሄዳለሁ» ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃው መውረድ ጀመረ።

እማማ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ሄዱ። አንኳኩ።

«ምን?»

«ፎጣ አለሽ?»

«አለኝ።»

ቆሙ። መልሰው ሊያንኳኩ እጃቸውን አነሱ። ከበሩ ወዲያ ልጅቷ አታንጎራጉርም፤ የሚሰማው ውሃው ብቻ ነው። እጃቸውን አወረዱት።

ካውያው ዘንድ ሄደው መርጫውን አነሱ። ውስጡ የቀረውን ውሃ ገንዳው ውስጥ ደፉት፤ አፉን በቀሚሳቸው ጫፍ አድርቀው ካርቶኑ ውስጥ፣ ከኦርኪዱ ጎን አጋደሙት፤ ሐኪሟ በዓይናቸው ይዩት። ማሰሮው እንዳይወድቅ ጋዜጣ ጠቅጥቀው አስደገፉት። ቅጠሎቹን አልነኩም። የውጭ ጫማቸውን ሲያጠልቁ ያመመው ጉልበታቸው ቋ አለ፤ ሁለቱ አውቶቡስና የሐኪሟ መደብር ደረጃ ትዝ አላቸው። ሁለተኛ እዚያ ላይሄዱ ምለው እንደነበረም ትዝ አላቸው።

እማማ ጋዙን ሦስት ጊዜ ሳያዩ፣ መስኮቱን ሳይስቡ፣ የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ሁለት ጊዜ ሳይናገሩ ከዚህ ቤት ወጥተው አያውቁም። ካርቶኑን ታቅፈው፣ በክርናቸው የበሩን እጀታ ተጫኑት።

ውሃው ቆመ።

«እማማ!» አለች ልጅቷ ከውስጥ። «ሹራቤን አቀብይኝ። ውጪው ነፋስ ሆኗል መሰለኝ… እሺ፣ እለብሰዋለሁ።»

እማማ ባሉበት ቆሙ። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሹራቡ አጠገባቸው ወንበሩ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል።

አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ወጡ፤ በሩን ከኋላቸው በእግራቸው ገፋ አድርገው ዘጉት።