ከፈጠነች ድምፅ ጀርባ

ሶዶ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ባለው ሰፈር፣ የልብስ ሰፊው የአቶ በኃይሉ ቤት አለ። ከፊት ለፊት የስፌት መኪናቸው ቀኑን ሙሉ ይንጣጣል፤ ከጓሮ ባለችው ክፍል ደግሞ የማርያምወርቅ የምትባለው ልጃቸው ሙዚቃ ትሠራለች። ሙዚቃ ሲባል ዘፈን አይደለም። ፊልም ላይ ሰው ዝም ሲል፣ መንገደኛ ዳገት ሲወጣ፣ ደመና ሲጠቁር ከኋላ ሆኖ የተመልካቹን ልብ የሚያባባው ዓይነት ነው። የክፍሏ ግድግዳ ድምፅ እንዳይመልስ ከአባቷ መቀስ የተረፈ ብጥስጣሽ ጨርቅ በጆንያ እየተጠቀጠቀ ዙሪያውን ተሰቅሏል። ያላት ዕቃ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ጥንድ ድምፅ ማጉያ፣ አንድ ማዳመጫ፣ አንድ መቅጃና አንድ ማይክራፎን ብቻ ነው።

አቶ በኃይሉ ከሥራቸው ፋታ ባገኙ ቁጥር፣ የልኬት ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ብቅ ይላሉ።

«ዘፋኙ የሚገባው መቼ ነው?»

«ዘፋኝ የለውም እኮ፣ አባባ።»

«ታዲያ ሰው ምን ብሎ ያንጎራጉረዋል?»

ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመለሳሉ። ትንሽ ቆይቶ ግን ያንኑ ዜማ በስፌት መኪናው መሀል ሲያፏጩት ትሰማቸዋለች።

በዚያ በጋ ሜላት የምትባል ፊልም ሠሪ ከአዲስ አበባ ሥራ ላከችላት። ስለ አንድ የሁምቦ ኮረብታ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። ኮረብታው ተራቁቶ ቀይ አፈሩ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ከከብት ንክኪ ከልሎት ሲጠብቀው የተቆረጡት ግንዶች እንደገና አቆጠቆጡ፤ ዛፉ ሲመለስ የደረቀውም ምንጭ ተመለሰ። የማርያምወርቅ ታሪኩን ወደደችው። ከኮምፒዩተሩ የቫዮሊን ድምፅ መርጣ፣ ከበሮ ጨምራ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል ትልቅ ሙዚቃ ሠርታ ላከች።

ሜላት ደወለች። «ቆንጆ ነው። ግን የማንኛውም አገር ተራራ ላይ ቢለጠፍ ይሄዳል። የሁምቦን አንድ ነገር አምጪልኝ።»

ንግግሩ ከነከናት። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ ከነከናት። ሙዚቃውን አጥፍታ ማዳመጫዋን አጠለቀችና ፊልሙን እንዳለ ማየት ጀመረች። ወይዘሮ ፈጠነች የሚባሉ የመንደሩ ሴት፣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው ስለ ምንጩ የሚናገሩበት ቦታ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከሴትየዋ ድምፅ ጀርባ ሌላ ድምፅ አለ። በጣም ሩቅ ነው። ከታች ይጀምርና እየወፈረ፣ እያደገ ይወጣል፤ ጫፍ ሲደርስ ክር እንደተበጠሰበት ቀጥ ይላል።

መልሳ ሰማችው። የሴትየዋን ንግግር የቻለችውን ያህል ቀንሳ፣ ድምፁን አጎላችው። በኪቦርዱ ፈለገችው፤ በሁለት ቁልፎች መካከል እየተንሸራተተ አልያዝ አላት። አባቷን ጠራች።

አቶ በኃይሉ ማዳመጫውን እንደ ባርኔጣ በሁለት እጃቸው ደግፈው አዳመጡ። «የጋሪ እግር ነው። ቅባት ያጣ።»

«ጋሪ ሲሄድ ይንቋቋል እንጂ እንዲህ አይጎተትም።»

«እንግዲያው በሬ ነው።» እንደገና አዳመጡና ፊታቸው ተለወጠ። «አይ፣ በሬም አይደል። በሬ የትንፋሹ ማለቂያ ይታወቃል። ይሄ ምንድን ነው?»

ሜላትን ጠየቀቻት፤ «ንፋስ መስሎን ነበር» አለች። በምስሉ ላይ ግን አንድ ቅጠል እንኳ አይወዛወዝም።

ከዚያ ወዲያ የማርያምወርቅ ሌላ ነገር መሥራት አልቻለችም። ምሳ እየበላች ታስበዋለች፤ ሰው ሲያናግራት ታስበዋለች። በመጨረሻ ተበላ ወደምትባለው የሁምቦ ከተማ ልትሄድ መቅጃዋንና ማይክራፎኗን በቦርሳ ስትከት፣ አባቷ ሱቃቸውን ዘግተው ጫማቸውን ሲያስሩ አገኘቻቸው።

«አንተ ደግሞ ወዴት ነህ?»

«ለብዙ ዓመት ተበላ ገበያ ልብስ ሸጫለሁ። ቦታውን ካንቺ እኔ አውቃለሁ» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ ሳላውቀው ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ሚኒባሱ ቁልቁል በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ከተበላ በእግር ተጓዙ፤ የበቆሎው አገዳ ደርቆ በቆመበት ማሳ መሀል አልፈው ኮረብታው ግርጌ ያለው መንደር ደረሱ። ወይዘሮ ፈጠነችን ለማግኘት አልተቸገሩም። ከቦኖው አጠገብ ከሌሎች ሴቶች ጋር ባዶ ጀሪካን ደርድረው ተቀምጠዋል። የማርያምወርቅ በወላይትኛ ሰላም ስትላቸው ፊታቸው ፈካ፤ የመጣችበትን ስትነግራቸው ግን ሳቁ።

«ድምፅ ፍለጋ? እኛ ውሃ ነው የጠፋን!»

ምንጩ ላይኛው ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጠዋትና ከሰዓት ጋሽ ጌታሁን የሚባሉት የውሃ ጠባቂ መክፈቻውን ያዞራሉ፤ ውሃው በመሬት ውስጥ ቧንቧ ወርዶ እዚህ ቦኖ ይደርሳል። መድረስ ነበረበት። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን እንደ እንባ ጠብ፣ ጠብ ብቻ ሆነ።

«የት ሄዶ?» አሉ አቶ በኃይሉ።

«ጌታሁንን ጠይቁት። ጎመኑ አምሮበታል» አሉ ወይዘሮ ፈጠነች። «ስንዋደድ የኖርን ጎረቤታሞች ነን። አሁን ሰላምታም የለን።»

የማርያምወርቅ የተቀዳውን ድምፅ አሰማቻቸው። የራሳቸውን ድምፅ ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ከኋላ ያለውን ሲሰሙ ግን ነጠላውን ለቀቁት።

«ይሄማ የዘንዶው ነው» አሉ እንደ ተራ ነገር። «ከላይ ያለው ትልቁ የምስጥ ኩይሳ ውስጥ ዘንዶ ገብቷል። ይተነፍሳል። እዚያ አካባቢ ማንም አይደርስም።»

«በስንት ሰዓት ነው የሚተነፍሰው?»

ወይዘሮ ፈጠነችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሰቡ። «ጠዋት። ደግሞ ከሰዓት አንዴ።»

የማርያምወርቅና አባቷ ተያዩ። መክፈቻው የሚዞርበት ሰዓት ነው። የቀረበላቸውን ቅቅል ጎደሬ በልተው ኮረብታውን ወጡ።

ጋሽ ጌታሁን ከገንዳው አጠገብ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ከሲታ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። እንግዶቹ ሊመረምሯቸው የመጡ መስሏቸው መጀመሪያ የጎመን መደባቸውን አሳዩ፤ ከአንድ ጀሪካን በላይ የማይጠጣ ማሳ ነው። የማርያምወርቅ ግን ስለ ጎመን አልጠየቀችም።

«መክፈቻውን ሲያዞሩ እዚህ ምን ይሰማዎታል?»

«ምን ይሰማል? ውሃው ይሄዳል። ያ ዘንዶም ይተነፍሳል።»

ሰዓቱ ሲደርስ እሷ ማዳመጫዋን አጥልቃ ከገንዳው በታች ቆመች። ጋሽ ጌታሁን መክፈቻውን አዞሩ። ጥቂት ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከቁልቁለቱ፣ ከግራሮቹ መሀል፣ ያ ድምፅ ተነሣ። በላፕቶፑ ውስጥ እንደ ክር ቀጥኖ የነበረው እዚህ ደረት ይመታል። የማርያምወርቅ ማይክራፎኗን ወደፊት ዘርግታ ሮጠች። አባቷ ቦርሳውን አቅፈው ተከተሏት፤ ከታች ሴቶቹ «ወደዚያ አትሂጂ!» እያሉ ይጮኻሉ።

ኩይሳው ከሰው ቁመት ይበልጣል። አናቱ ላይ ጥቁር ቀዳዳ አለ። ድምፁ ከእሱ እየወጣ፣ እየወፈረ፣ እያደገ ሄዶ ልክ እንደ ፊልሙ ቀጥ አለ። አባቷ እጅጌዋን ይዘው ጎተቷት። እሷ ግን ዓይኗ ወደ መሬት ነበር። ዙሪያው ሁሉ በፀሐይ ተንጨርጭሯል፤ የኩይሳው ግርጌ ግን በለምለም ሣር ተከብቧል።

«ጋሽ ጌታሁን፣ ቧንቧው በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለች።

ሰውዬው ከኋላቸው ደርሰው ነበር። በእጃቸው ከገንዳው ጀምረው መስመሩን በአየር ላይ አመለከቱ። ጣታቸው ኩይሳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንዴ ገባት። መክፈቻው ሲዞር ውሃው ባዶውን ቧንቧ ይዞ ሲወርድ ፊት ፊቱ ያለውን አየር ይገፋዋል። ቧንቧው እዚህ ሥር ተሰብሯል። አየሩ መውጫ ሲያገኝ በኩይሳው ባዶ ሆድ ውስጥ አልፎ እንደ ትልቅ ዋሽንት ይነፋዋል። ከዚያ ውሃው ራሱ ሲደርስ ድምፁ ይቆማል፤ ውሃውም መሬት ውስጥ ይቀራል።

እስክትነግራቸው ድረስ መንደርተኛው ተሰብስቦ፣ ርቀቱን ጠብቆ ቆሟል። አንዱ ዶማ ሊያመጣ ሲነሣ የማርያምወርቅ ሳታስበው «ቆይ!» አለች።

ሁሉም ዞሮ አያት። አፈረች። ውሃ የጠማው ሰው ፊት ስለ ድምፅ መለመን ከበዳት። «ከተቆፈረ በኋላ ይሄ ድምፅ አይኖርም። አንድ ጊዜ ብቻ ልቅዳው? ዘግተው እንደገና ቢከፍቱልኝ?» አለች።

«ውሃችን ይፍሰስ ነው የምትይው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ወይዘሮ ፈጠነች ግን እጃቸውን አነሡ። «እስካሁን ሲፈስ ከርሞ የለም? ስንፈራው የኖርነውን ነገር እኔም ልስማው።»

ጋሽ ጌታሁን ወደ ገንዳው ወጡና ዘጉት፤ ቧንቧው እስኪጎድል ተጠበቀ። ከዚያ ከላይ «ከፈትኩ!» የሚል ጩኸት መጣ። መንደሩ በሙሉ ዝም አለ። አንዲት እናት የምታለቅስ ልጇን ጡት አጎረሰች። ድምፁ ከመሬት ተነሣ። በዚህ ጊዜ የሸሸ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሰዉ ቀስ በቀስ እየቀረበ ሄደ። አንዲት አሮጊት መዳፋቸውን የኩይሳው ገላ ላይ ለጠፉና «ይንቀጠቀጣል» አሉ በሹክሹክታ። ድምፁ ሲቆም አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ፤ ሌላው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ።

ሲቆፈር ዘንዶ አልተገኘም። የግራር ሥር ቧንቧውን ከመጋጠሚያው ፈንቅሎት ኖሯል። ለጊዜው በላስቲክ ጠፍረው አሰሩትና መክፈቻው እንደገና ተከፈተ፤ ወዲያው ከታች፣ ከቦኖው በኩል እልልታ ተሰማ። ጋሽ ጌታሁን እልልታውን ሲሰሙ ካሉበት አልተነቃነቁም። ወይዘሮ ፈጠነች ወደ እሳቸው ሄደው ፊት ለፊት ቆሙ።

«ጌታሁን፣ ጎደሬ ተቀቅሏል። ሳይቀዘቅዝ ና ብላ» አሉ።

ጋሽ ጌታሁን ጭቃውን ከእጃቸው ላይ እየጠረጉ ተከተሏቸው።

ሶዶ ተመልሳ የቀዳችውን ስትሰማ የማርያምወርቅ በመጀመሪያ ተስፋ ቆረጠች። የሕፃኗ ልቅሶ፣ የአሮጊቷ ሹክሹክታ፣ ያ ረጅም ትንፋሽ፣ ሁሉም ገብቷል። ላጥራው ብላ ሞከረች፤ ሰዎቹ ሲወጡ ድምፁም አብሮ ሞተ። መልሳ አስገባቻቸው። ቫዮሊኖቹን አንድ በአንድ አወጣች። ከበሮውን አወጣች። የቀረው የኩይሳው ድምፅና ከሥሩ በኪቦርድ የጨመረችው አንድ ዝቅ ያለ ኖታ ብቻ ነበር። ድምፁ ቀጥ በሚልበት ቦታ ባዶ ዝምታ ተወችና ላከችው።

ሜላት ቶሎ ደወለች። «ምን ዓይነት መሣሪያ ነው ይሄ? ደግሞ መሀል ላይ ተቋርጧል፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ለምን ቆመ?»

«ውሃው ስለደረሰ ነው» አለች የማርያምወርቅ፤ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋም ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግራት ገባች። አቶ በኃይሉም ከፊት ለፊት የስፌት መኪናቸውን አቁመው ወደ ጓሮ መጡ፤ በሩን ተደግፈው፣ ራሳቸው የነበሩበትን ታሪክ እንደ አዲስ ያዳምጡ ጀመር።